የሶዶ መንገድና ዝቅ ያለች ቮልስ

ባለፈው ሰሞን ወላይታ ሶዶ የሚኖር ወዳጄ ደወለልኝ። ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ የድሮ ቮልስዋገን አግኝቷል። ቀለም አስቀብቷታል፣ ወንበሯን አስለብሷታል፤ አሁን የቀረው ዝቅ ማስደረግ ነው። "መሬት ልትነካ ትንሽ ሲቀራት ነው የምታምረው" አለኝ። ስለ ሞላ ልነግረው ጀምሬ ታሪክ ውስጥ ገባሁ፤ ካርድ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ። የቀረውን እዚህ ልጨርሰው።

እኛ መኪናን ያወቅነው ከመንገድ በፊት ነው። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነስቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ሲድሊ ጣሪያ አልነበራትም፤ የምትሄድበት መንገድም አልነበራትም። የመጣችው ግመልና በቅሎ በሚሄድበት ነው። ከእሷ ቀድሞ የገባው የአርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን የእንፋሎት ባቡርም ስሙ እስካሁን የሚነሳው ከሄደበት ይልቅ በቆመበት ነው። እንግዲህ ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "መኪናዋ ምን ያህል ትፈጥናለች" ሳይሆን "ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ይርቃል" ነበር።

ቃሉንም ያመጣው መንገዱን የሠራው ነው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፤ ሁሉም የጣሊያን ነው። ወራሪው በአምስት ዓመት ቆይታው መንገድ የዘረጋው ለወታደሩና ለጭነት መኪናው ነው። እሱ ከወጣም በኋላ ጋራዦቻችን የሰለጠኑት ባሌስትራ በመደረብ ነው። ጫኝ ሁልጊዜ ከሚፈቀደው በላይ ይጭናል፤ መካኒኩም አንድ ቅጠል ባሌስትራ ይጨምርለታል። መኪና ከፍ ማድረግ የምናውቀው ሙያ ነው። ዝቅ ማድረግ ግን እንግዳ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም የዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ወላይታ ውስጥ ደግሞ የ1960ዎቹ ትዝታ "ዋዱ" ነው። በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሥራ የጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ሲነሳ ሰው የሚያስበው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ነው፤ መጋቢ መንገድ መሥራቱን ግን ብዙዎች ይረሱታል። ያ ጊዜ ያለፈባቸው ሽማግሌዎች ስለ እርሻው ሲጠየቁ ስለ መንገዱ ማውራታቸው አይገርመኝም።

የጠጠርና የአፈር መንገድ አንድ ጠባይ አለው። የጭነት መኪና ደጋግሞ ሲሄድበት ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት ቦይ ይቆፍራል፤ መሀሉ ላይ እንደ በሬ ጀርባ ጉብ ያለ አፈር ይቀራል። በተለይ እንደ ወላይታ ቀይ አፈር ያለው ክረምት ላይ ቶሎ ይቦረቦራል፤ በጋ ላይ በዚያው ቅርጹ ይደርቃል። የጉብታውን ከፍታ የሚወስነው አይሱዙው ነው፤ በእሱ ዱካ የምትሄድ ትንሽ መኪና ወይ ትችለዋለች፣ ወይ ሆዷን ትፋቃለች። ቮልስ ችላዋለች። ወለሏ ጠፍጣፋ ነው፣ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትነሳለች፣ የሚቀዳ የራዲያተር ውሃ የላትም። እዚህ አገር ይህን ያህል የኖረችው በመልኳ ብቻ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱትም በቮልስ ነው፤ ያን ቀን ብዙ ሰው ያወራው ስለ መኪናዋ ትንሽነት ነበር።

እንግዲህ ወደ ወዳጄ። ሞላ በጋዝ ማስቆረጥ ሶዶም አዲስ አበባም የሚደረግ ነገር ነው፤ የዲኤክስ ኮሮላ ልጆች ያውቁታል። ርካሽ ነው፣ መጥፎም ነው። እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ያጠረው ሞላ ይደርቃል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። የቮልስ ነገር ግን ሌላ ነው፤ የሚቆረጥ ሞላ የላትም። ክብደቷን የሚይዘው የሚጠመዘዝ ብረት ነው። የኋላው ብረት በውስጥ ጫፉ 40፣ በውጭ ጫፉ 44 ጥርስ አለው። አንዱን ወደፊት ሌላውን ወደ ኋላ አንድ ጥርስ ብታዞር ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ለውጥ ታገኛለህ፤ ዝቅ ማድረግ በዚህ ልክ ተቆጥሮ ይሠራል፣ ከተጸጸትክም ይመለሳል። ከልክ ካለፈ የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ውስጠኛው የጎማ ጠርዝ ይበላል።

ጣሪያዋ የሚከፈት ስለሆነች ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ጣሪያ ዝናብ መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ቦዲውን አስሮ የሚይዝ ነው። ፋብሪካው ጣሪያውን ሲያነሳ ከበሮቹ ሥር ያለውን ብረት ያጠነከረው ለዚህ ነው። ያ ብረት በ50 ዓመት ዝገት ከተበላ፣ ደረቅ ሾክ አብዞርበር ስትገጥምባት እያንዳንዱ ጉድጓድ መስታወቱንና በሩን ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሥሯን በመዶሻ እንኳን ቢሆን አንኳኳ። ከዚያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ይበቃሃል፤ ሾኩም ለዚያ ርዝመት የሚሆን ይሁን። ከዚያ በታች ካወረድካት በቦዲቲ በኩል ወደ ሐላባ በአስፋልቱ ትሄድ ይሆናል፤ ሰፈርህ ያለው ኮብልስቶንና በየደጃፉ ነዋሪው የሠራው ጉብታ ግን አያሳልፍህም።

ይህ የአንድ ቮልስ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ አልጽፈውም ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር መኪና እንደማይገባ አስታወቀ። ከቻይና የሚመጡት ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ተነጥፏል። ለከተማ አስፋልት የተሠሩ ናቸው፤ ያለማንም መካኒክ ዝቅ ብለው መጥተዋል። ነዳጅ መቆጠቡን አልቃወምም። የሚገርመኝ ስለ ቀረጥና ስለ ቻርጀር ያን ያህል ሲወራ፣ ስለ ሆዳቸው ከፍታ የተናገረ አለመስማቴ ነው። ለቮልስ ሆድ መፋቅ ማለት የሚበየድ ቆርቆሮ ነው። ለእነዚህ ግን የተፋቀው የመኪናው ውድ ክፍል ነው።

ወዳጄ መልሶ ሲደውል ሠፈሩ ያለ መካኒክ ሰሞኑን የያዘውን ሥራ ነገረኝ። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገብቶለት ከሞላው ሥር ወፍራም ጎማ እየደረበ ከፍ እያደረገው ነው። ቀጥሎ ተራው የቮልሷ ነው፤ ዝቅ ልትል።