ቺኩንጉንያ፦ ትኩሳቱ ካለፈ በኋላ የሚቀር የመገጣጠሚያ ሕመም

በጎርጎሮሳውያኑ 2018 በምሥራቅ ሱዳን የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር። በቀይ ባሕር ግዛት ታይቶ በከሰላ የበረታው ይህ ወረርሽኝ ገዳሪፍንም ነክቷል፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ13 ሺህ በላይ ሰዎች መታመማቸው ተመዝግቧል። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ድሬዳዋ በዚሁ በሽታ ተጠቃች።

የበሽታው ስም በታንዛኒያና በሞዛምቢክ ከሚነገረው የማኮንዴ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን፣ በሕመሙ ብዛት መጉበጥን ያመለክታል። ቫይረሱ የመገጣጠሚያን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ያስቆጣል። ሽፋኑ ያብጣል፣ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ይበዛል፣ ጣቶች፣ የእጅ አንጓና ቁርጭምጭሚት አልታጠፍ ይላሉ። በዕድሜ ብዛት የሚመጣው የመገጣጠሚያ ሕመም ለዓመታት ቀስ እያለ የሚብስ ነው፤ ይህኛው ግን በቀናት ውስጥ ወጣቱንም ይጥላል። ትኩሳቱ በሳምንት ገደማ ሲበርድ ቁርጥማቱ ለወራት፣ በአንዳንዶች ላይም ለዓመታት ይቆያል።

ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከመተማ ወደ ገላባት ሲሻገሩ ለኖሩት ኢትዮጵያውያን የቀን ሠራተኞች፣ ማጭድ መጨበጥ ያቃተው እጅ ማለት የተቋረጠ ገቢ ማለት ነው። ሕመሙን ከብርድ ወይም ከሥራ ብዛት የመጣ አድርጎ መቁጠርም ቀላል ነው።

በሽታውን የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ትንኝ በቀን ስለምትናደፍ የሌሊት አጎበር ብቻውን አይበቃም፤ የምትራባባቸውን የውሃ ማጠራቀሚያዎች መክደን ያስፈልጋል።

ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። በአካባቢው የደንጊ ትኩሳትም ስለሚከሰት፣ ደንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ ለደም መፍሰስ ሊያጋልጥ ይችላል፤ እስከዚያው የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ከሦስት ወር በላይ የዘለቀ እብጠት ግን ሌላ ዓይነት አርትራይተስ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ሊያየው ይገባል።