አልነሣ ያለች አሮጌ መኪናና የጋራዥ ቃላት ምስክርነት

የታሪክ ተማሪ ምስክር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ዜና መዋዕል፣ ወደ ደብዳቤና ወደ መዝገብ ነው። እነዚህ ግን የነገሥታቱን፣ የመኳንንቱንና የካህናቱን ሥራ አብዝተው ሲናገሩ፣ በእጁ ሠርቶ ስለሚያድረው ሰው የሚሉት ጥቂት ነው። መካኒክ ዜና መዋዕል አላጻፈም፤ ይሁን እንጂ ከሥራው ጋራ አብረውት የኖሩ ቃላት አሉት። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ እነዚህ ቃላት በጥንቃቄ የተመረመሩ እንደ ሆነ፣ የመኪና ጥገና ሙያ ወደ አገራችን በማን በኩልና እንዴት እንደ ገባ የሚመሰክሩ መሆናቸውን ነው።

ለምርመራው መንገድ እንዲሆነን አንዲት አልነሣ ያለች አሮጌ መኪና እንውሰድ። አሮጌ የምንላት ካርቡራተርና ፑንቲና ያላትን፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የማትታዘዘውን ነው። ምሳሌ የምትሆነን ፊያት 600 ናት። ይህች መኪና በኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1955 መሠራት ጀመረች፤ በአዲስ አበባም «ሰይቼንቶ» ተብላ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ በታክሲነት ለብዙ ጊዜ አገልግላለች። ሰይቼንቶ በጣልያንኛ ስድስት መቶ ማለት ነው።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት ዋናውን ታሪክ በአጭሩ እናስታውስ። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በቤንዚን ለሚሄድ ሠረገላ የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1886 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርጽሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ስትጓዝ፣ የተደፈነውን የነዳጅ ቱቦ በባርኔጣ መርፌ እንደ ከፈተች፣ የተላጠውንም ሽቦ በካልሲ ማሰሪያዋ እንደ ሸፈነች ይነገራል። እንግዲህ የመንገድ ላይ ጥገና ከመኪና ጉዞ ጋራ እኩል የተወለደ ነው፤ ያን ጊዜ የታዩት ሁለቱ ብልሽቶች፣ ማለት የነዳጅና የእሳት፣ እስከ ሰይቼንቶ ዘመን ድረስ መካኒክ አስቀድሞ የሚጠይቃቸው ሆነው ቆይተዋል።

ወደ አገራችን መኪና የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ አንሥቶ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ይህም የሆነው ባቡር አዲስ አበባ ሳይደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የመኪናው ቍጥር በዝግታ ሲጨምር ቆይቶ፣ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ብዙ የጭነት መኪና፣ ብዙ ነጂና ብዙ ጠጋኝ ይዞ ገባ። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ጦሩ ተሸንፎ ወጣ፤ በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ አያሌ ጣልያኖች ግን በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ከፍተው ሠሩ። ከዚህም ሌላ ኤርትራ ከ1882 እስከ 1933 ዓ.ም. በኢጣልያ ቅኝ ግዛት ሥር ስለ ነበረች፣ በአስመራ የተማሩ ሠራተኞችም ሙያውን ወደ ደቡብ ይዘው መጥተዋል።

አሁን ወደ መኪናችን እንመለስ። ልምድ ያለው መካኒክ እንዲሁ በግምት ዕቃ አይፈታም፤ በተራ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?» ብሎ ነው። ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ደብዘዝ ካለ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ጫፍ ዝጓል ማለት ነው። መብራቱ ደኅና ሆኖ ሞተሩ ያልዞረ እንደ ሆነ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል። በቀድሞው ዘመን ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ የሰው ክንድ ይሰብር ነበር። ይህን ያስቀረው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ሲሆን፣ ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ ገጠመው። እኛ ግን ዕቃውን የምንጠራው በአሜሪካዊው ቋንቋ ሳይሆን በጣልያንኛ ነው፤ ሞተሪኖ ማለት ትንሽ ሞተር ማለት ነውና።

እዚህ ላይ ስለ ምርመራችን ዘዴ አንድ ነገር ማስታወቅ ይገባናል። ቃል ሁሉ ምስክር አይሆንም። «ባትሪ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም በጣልያንኛም ተመሳሳይ ስለ ሆነ ከየት እንደ መጣ ለይቶ አይናገርም። የሚመሰክረው ቃል በሦስቱ ቋንቋዎች የተለያየው ነው።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሣ ከሆነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ «እሳት አለ ወይ?» የሚለው ነው። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ፣ ከሽቦው ጋራ መልሶ አያይዞ፣ አካሉን ከሞተሩ ብረት ጋራ ያስነካና ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያደርጋል። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደኅና ነው። ብልጭታ ከሌለ ወደ ኋላ እየተከተለ ቦቢናውንና ፑንቲናውን ይመረምራል። ፑንቲና የሚባሉት ሞተሩ ሲዞር የሚከፈቱና የሚዘጉ ሁለት ትንንሽ የብረት ጫፎች ናቸው፤ በተከፈቱ ቁጥር የባትሪው 12 ቮልት ቦቢናው ውስጥ ወደ ብዙ ሺሕ ቮልት ይለወጣል። ጫፎቹ ከተቃጠሉ ወይም በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከተዛባ፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ስፍራ የተነሣ መኪናዋ በሙሉ ትቆማለች።

ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም ይህንኑ ዕቃ በሻማ ስም ይጠሩታል፤ ቃላቸው ግን ቡዢ ነው። እኛ ካንዴላ ማለታችን መምህሩ ማን እንደ ነበረ ያመለክታል። ፍሪሲዮንም እንዲሁ ነው፤ ፈረንሳዮች አምብራያዥ፣ እንግሊዞች ክላች የሚሉትን እኛ በጣልያንኛ ስሙ እንጠራዋለን።

እሳት ካለ ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ነዳጅ ነው። ሞተሩ ብዙ ከዞረ በኋላ የተፈታው ካንዴላ ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም፤ ከራሰ ደግሞ በዝቷል። የሰይቼንቶ ነዳጅ መያዣ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ስለ ሆነ፣ ቤንዚኑ የመኪናዋን ርዝመት ተጉዞ በፖምፓ ወደ ካርቡራተሩ ይገባል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ ቤንዚን በዝቅተኛ ሙቀት ይተናል፤ ስለዚህ የጋለ ፖምፓ ፈሳሹን መሳብ ትቶ እንፋሎት የሚይዝበት ጊዜ አለ። መድኃኒቱ በፖምፓው ላይ ርጥብ ጨርቅ ጥሎ ጥቂት መታገሥ ነው።

በዚህ ተራ ስንሄድ ያልተጠበቀ ልዩነት እናገኛለን። «ሹፌር» መነሻው ፈረንሳይኛ ነው፤ ጣልያኖች ነጂን አውቲስታ ይሉታል። የነጂው ስምና የጠጋኙ ዕቃ ስም የገቡት በልዩ ልዩ በር ነው ማለት ነው።

«ስሙ የመጣው ከዕቃው ጋራ እንጂ ከመምህር አይደለም፤ ፊያት ስለ ገዛን ጣልያንኛ ተናገርን» የሚል ተቃዋሚ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ የጀርመኑ ፎልክስዋገንና የእንግሊዙ ላንድሮቨር ጋራዥ ሲገቡም ካንዴላቸው ካንዴላ፣ ሞተሪኗቸውም ሞተሪኖ ተብሏል። መፍቻው ካቻቢቴ፣ ጎማ ጠጋኙም ጎሚስታ ይባላሉ፤ እነዚህ የማንም ፋብሪካ ዕቃ አይደሉም። ስሙን ያወጣው ነጋዴው ሳይሆን የሥራ ጠረጴዛው ነው።

ይህን ስንል ለወረራው ምስጋና ማቅረባችን አይደለም። የፋሺስት መኪናዎች የመጡት ሊያስተምሩን ሳይሆን ሊገዙን ነበር። ሙያውን የያዘው፣ አጠገብ ቆሞ እያየ፣ መፍቻ እያቀበለ የተማረው ኢትዮጵያዊ ነው። ለዚህም ምስክሩ ያው ቋንቋው ነው፤ ስሞቹ የባዕድ ሲሆኑ ግሦቹ የራሳችን ናቸውና። ሞተር «ይነሣል»፤ ባትሪ «ይደክማል»፤ ያረጀች መኪና «ዘይት ትበላለች»። ዕቃውን በተሰጠው ስም ተቀበልን፤ የዕቃውን ጠባይ ግን በሰውና በከብት ጠባይ መስለን በራሳችን ቃል ተናገርን። በሰው ቃል የተማረ ሰው በራሱ ቃል ማሰብ ሲጀምር ሙያው የእሱ ሆኗል።

ዛሬ የሚሠሩት መኪናዎች ፑንቲናም ካርቡራተርም የላቸውም፤ ብልሽታቸውም በኮምፒዩተር ይነበባል። ዕቃው ሲቀር ቃሉ ይቀራል፤ ቃሉን ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አፍ የሰሙት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። ስለዚህ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ደብተር ይዘን ወደ አሮጌ ጋራዦችና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ወደ ሶማሌ ተራ ብንሄድ፣ ቃሉን፣ ዕቃውን፣ ቃሉን ያስተማረውን ሰውና ዘመኑን ጠይቀን ብንጽፍ፣ በመዝገብ ቤት የማይገኝ ምስክር እናተርፋለን። መካኒኩ ከብልሽቱ ተነሥቶ ወደ ምክንያቱ በተራ እንደሚሄድ፣ እኛም ከቃሉ ተነሥተን ወደ ሰውየው መሄድ እንችላለን። የሚጠየቀው ሰው በሕይወት ሳለ መጀመር ግን ግዴታችን ነው።