ከአልዩ አምባ እስከ ቃሊቲ

መንገደኛ የሚነሣበትንና የሚደርስበትን ያስባል እንጂ ማጓጓዣው የሚያርፍበትን ሥፍራ እምብዛም አያስታውስም። የንግድና የከተማ ዕድል ግን በዚሁ ሥፍራ የተመሠረተ መሆኑን የሸዋ ታሪክ ያስረዳናል።

በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ጨውና ጨርቅ ጭኖ የሚመጣው የግመል ቅፍለት የአንኮበርን ዳገት መውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ ጭነቱ በፋሬና በአልዩ አምባ ይራገፋል፤ ቀረጥ ይከፈልበታል፤ ከዚያም በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወደ ላይ ይወጣል። በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር የተዋዋለው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስም ከዚሁ ሥርዓት አልወጣም። ኋላ መናገሻው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ አልዩ አምባ የቀድሞ ጥቅሟን አጣች።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ማረፊያው በአያትና በቃሊቲ ያሉት ዴፖዎች ናቸው። ባቡሮቹ በዚያ ያድራሉ፤ ይታጠባሉ፤ ፍሬናቸውና መንኰራኵራቸው ይመረመራል፤ የደከመውም ተለይቶ ይጠገናል። ነገር ግን ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መለዋወጫ በመታጣቱ ከሥራ ውጭ ሆኑ።

እንግዲህ ግመሉን ዳገት አቆመው፤ ባቡሩን ያቆመው የመለዋወጫ እጦት ነው። ለመጀመሪያው አባቶቻችን በአህያና በበቅሎ መላ አበጁለት፤ ለሁለተኛው መላ ማበጀት የእኛ ዕዳ ነው።