ፕሪሎድ፦ «ቅድመ ጫና» ብንለውስ?

የጭነት መኪና የፊት እግር ኩሽኔታ በአዲስ ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ እንደገና መጮህ ሲጀምር፣ ሹፌሩም ባለንብረቱም የሚያማርሩት ዕቃውን ነው። «ኮፒ ሸጡልን» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ኩሽኔታውን የገደለው የሚይዘው ዳዶ የታሰረበት መንገድ ነው። የመኪና አምራቾች የጥገና መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ ስም አለው፤ ፕሪሎድ ይለዋል። እኛ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ኩሽኔታ፣ ክሮቼራ፣ ግራሶ፣ ሞዞ የሚሉ ቃላት ጋራዡን ሞልተውታል። የኩሽኔታን ዕድሜ ለሚወስነው ልክ ግን «እሰረው»፣ «ትንሽ አላላው» ከማለት ያለፈ ቃል ስንጠቀም አይሰማም።

እኔ «ቅድመ ጫና» እንበለው እላለሁ። «ቅድመ ጭነት» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ዕቃ በሚያመላልስ መኪና ላይ «ጭነት» ካልን ሰሚው የሚያስበው ስለ ሲሚንቶና ስለ እህል ነው። «ጫና» ግፊቱን ራሱን ይጠራል። «ቅድመ» ደግሞ ግፊቱ የሚመጣው መኪናው ገና ሳይጫንና ሳይንቀሳቀስ፣ ከመካኒኩ ቁልፍ መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ ቅድመ ጫና ማለት ኩሽኔታው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በዳዶው አማካይነት ሆን ተብሎ የሚሰጠው፣ ልኩ የታወቀ ግፊት ነው።

ነገሩ የሚገባን ኩሽኔታውን እጃችን ላይ ይዘን ስናየው ነው። በብዙ የጭነት መኪና የፊት ሞዞ ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ በውስጥ፣ አንዱ በውጭ በኩል። ሮለሮቻቸው ሾጣጣ ናቸው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን ሠረገላ ሠሪ ነበር፤ ያስቸገረውም ሠረገላ ሲታጠፍ ወደ ጎን የሚመጣው ግፊት ነው። ሾጣጣው ሮለር ከላይ የሚመጣውን ክብደትም ከጎን የሚመጣውንም አብሮ ይሸከማል። ነገር ግን ሾጣጣ በመሆኑ፣ ዳዶው ሲጠብቅ ሮለሮቹ ወደ ቀለበታቸው እየጠለቁ ይጣበቃሉ፣ ሲላላ ደግሞ ይራራቃሉ። ስለዚህ ልኩን የሚሰጠው ዳዶውን የሚያስረው እጅ ነው።

ከልክ በላይ ከታሰረ ኩሽኔታው ይግላል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። እንደ ጅቡቲ መስመር ባለ ቆላ መንገድ ላይ የአየሩና የፍሬኑ ሙቀት ሲጨመርበት ሞዞው እስከ መንከስ፣ ጎማው ከነሞዞው እስከ መውጣት ሊደርስ ይችላል። ከልክ በታች ከታሰረ ደግሞ ክብደቱ በጥቂት ሮለሮች ላይ ብቻ ያርፋል፣ ጎማው ይወላውላል፣ የግራሶ መከላከያው ይበላል።

ልኩ ለሁሉም መኪና አንድ አይደለም። በላንድክሩዘር 80 ሞዞው መዞር እስኪጀምር በሚዛን ተስቦ ይለካል፤ ከ28 እስከ 56 ኒውተን፣ ማለትም በግምት ከ3 እስከ 6 ኪሎ መሳብ አለበት። በሚለካበት ጊዜ የፍሬን ሸራው ዲስኩን መንካት የለበትም፤ ከነካ ሚዛኑ የሚያነበው የፍሬኑን ጉተታ ነው። በአሜሪካ ከባድ መኪኖች ግን የተለመደው ጫና ሳይሆን ጥቂት ክፍተት መተው ነው፦ ከ0.025 እስከ 0.127 ሚሊ ሜትር፤ እሱም የሚታወቀው በዳያል ጌጅ ነው። በዓይን ወይም «በእጄ አውቀዋለሁ» በማለት የሚደረስበት አይደለም። በሁለቱም ዘዴ ሞዞው እየተሽከረከረ መጀመሪያ ዳዶው ጠንከር ተደርጎ ይታሰራል፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት ያኔ ነው። ከዚያ ይላላል፣ መልሶም በልኩ ይታሰራል። ሞዞውን ሳያሽከረክሩ ማሰር በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የውጩን ቀለበት አሮጌውን ትቶ ሮለሩን ብቻ መቀየርም ገንዘብ ማባከን ነው፤ የተበላው ቀለበት አዲሱን ሮለር ይበላዋል።

ከመፍታት በፊት ጥፋቱ የኩሽኔታ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ በመደገፊያ ከቆመ በኋላ፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ጨዋታ ካለው ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ጨዋታው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው፤ ፍሬን ተረግጦም ካለ ሌላ መገጣጠሚያ ይፈተሽ። እየሄደ የሚያጉረመርም መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ድምፁ ከጨመረ፣ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ የቀኙን መጠርጠር ነው።

ኃይል አስተላላፊው ዘንግ የሚታጠፍበት መስቀል፣ ክሮቼራም፣ ከዚህ ሐሳብ አይርቅም። በመስቀሉ አራት ጫፎች ላይ መርፌ መሳይ ሮለሮች የያዙ ቆቦች አሉ። በቶዮታ የመቆለፊያ ቀለበቶቹ ውፍረት የተለያየ የሆነው፣ መስቀሉ ከ0 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ እንዲላወስ ተመርጦ እንዲገባ ነው። ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ጓ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ በቆቡ ዙሪያም ቀይ የዝገት ዱቄት ከታየ ክሮቼራው አልቋል። ሲገጠም ቆቡ የቀለበቱ ቦይ እስኪታይ ድረስ አልገባ ካለ በመዶሻ አይጨመር፤ አንዲት መርፌ ወድቃ ከቆቡ ሥር ተጋድማለችና ይፈታ። ዘንጉ ሲወጣም በሁለቱም ወገን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ክሮቼራዎች ካልተጣጣሙ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

በብዙ አዳዲስ መኪኖች ኩሽኔታው ታሽጎ ስለሚመጣ ልኩ የተሰጠው በፋብሪካ ነው። እዚያም ቢሆን የመሐሉ ዳዶ በተባለው ልክ ሳይታሰር ጎማው መሬት መንካት የለበትም።

ስለዚህ መኪናዎን ከጋራዥ ሲረከቡ «ኩሽኔታው ተቀየረ?» ብቻ አይበሉ። «ቅድመ ጫናው ወይም ክፍተቱ ስንት ነው? በምንስ ተለካ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቁጥሩንም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።