አይሮፕላን በቦሌ፥ ትልቁም ትንሹም

ፖቴዝ 25 የተባለው አይሮፕላን በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ አብራሪነት ከጂቡቲ ተነሥቶ በቦሌ ሜዳ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ወደ አገራችን አይሮፕላን ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላም ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር «ፀሐይ»ን እዚሁ አዲስ አበባ ሠራት፤ ጣሊያኖች ወሰዷት፥ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. መለሷት።

እኛም ከባልሳ እንጨት የተሠራችውን ትንሿን አይሮፕላናችንን «ፀሐይ» ብለናታል። ለላስቲክ ኃይል የተሰናዳች ስለሆነች፥ ከእጅ ከወጣች በኋላ የምትሄደው እንዳሻት ነበር። በራዲዮ ትታዘዝ ዘንድ ላስቲኩን አውጥተን ሞተር፥ ባትሪና የራዲዮ መቀበያ አገባንባት፤ የጅራቷንም መቅዘፊያ ቆርጠን በቀጭን ጨርቅ መልሰን አያያዝነው። ችግሩ ክብደት ሆነ። አሜሪካውያኑ መንትዮች ዋልተርና ዊልያም ጉድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. «ጋፍ»ን በራዲዮ ሲያበሩ፥ ከባዱን መሣሪያ የተሸከመው ክንፍ ከ2 ሜትር በላይ ነበር። የእኛይቱ ክንፍ ግን ከክንድ አይበልጥም፤ ደግሞም ቦሌ በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። (ማዬም ይህንኑ ስስ አየር ሳይቀምስ አልቀረም።)

ለአይሮፕላን ማረፊያው ስለምንቀርብ ሜዳ አልወጣንም፤ በአዳራሽ ወረወርናት። አፍንጫዋን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ወደቀች። ባትሪውን ሁለት ጣት ወደ ፊት አስጠጋነው፤ እስከ መድረኩ ድረስ ቀጥ ብላ ሄደች። ሞተሩን ገና አላስነሣንም።