ከሐይቅ ብራና እስከ ኮምፒዩተር፤ ስለ ስያሜና ስለ መንገድ ምልክት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲባል ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው የውሃውን ውበትና የገዳሙን ቅድስና ነው። ይሁን እንጂ ስፍራው የመጻሕፍት አገርም እንደ ነበረ ልንዘነጋው አይገባም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ገዳሙ መጥተው ደቀ መዛሙርት ሰብስበው አስተማሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በእርሳቸው ዘንድ እንደ ተማሩ ይተረካል። በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት፥ የራሳቸው ሥዕል ያለበት የብራና ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል።

እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ልናነሣው የወደድነው ጥያቄ ይህ ነው፤ የዚያ ዘመን አንባቢ የሚሻውን ታሪክ በምን ያገኘው ነበር? ዛሬ የምናውቀው የአዲስ ኪዳን የቁጥር አከፋፈል ታትሞ የወጣው በ1551 እ.ኤ.አ. ነው። የቅጠል ቁጥርም አይረዳም፤ አንዱ ጸሐፊ በ100 ቅጠል የሚጨርሰውን ሌላው በ120 ይጨርሰዋልና።

መፍትሔውን በ4ኛው መቶ ዓመት ያዘጋጀው የቂሣርያው ጳጳስ አውሳብዮስ ነው። አራቱ ወንጌላት በትንንሽ ክፍሎች ተከፈሉ፤ የማቴዎስ ብቻ 355 ክፍል ሆነ። በኅዳጉ ላይ የክፍሉ ቁጥር፥ ከሥሩም የሰንጠረዡ ቁጥር ይጻፋል። በመጽሐፉ መጀመሪያ 10 ሰንጠረዦች ይገኛሉ። የአምስቱ እንጀራና የሁለቱ ዓሣ ታሪክ በአራቱም ወንጌላት ስላለ በ1ኛው ሰንጠረዥ ገባ፤ የደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ግን በሉቃስ ብቻ ስለሆነ በ10ኛው ነው። ይህ ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተሻግሮ፥ በአባ ገሪማ ወንጌሎች ውስጥ በአዕማድና በቅስት ሥዕል አጊጦ ይታያል። አርእስቱም «በእንተ ሰብአ ሰገል» እንደሚለው፥ በተፈጸመው ነገር ይሰየም ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ ኅዳጉ «ወደ ሉቃስ ሂድ» ብሎ አያዝም። በዚህ ቦታ ያለው የትኛው ክፍል እንደ ሆነ ብቻ ይናገራል፤ መንገዱን የሚያሳየው ሰንጠረዡ ነው።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችም ዛሬ በዚሁ ጥያቄ ይከራከራሉ። አንድ መምህር በስክሪኑ ላይ የተማሪን ስም በጣቱ ቢነካ፥ ለፕሮግራሙ የሚደርሰው መልእክት ምን ተብሎ ይሰየም? «የውጤት ገጽ ክፈት» ቢባል ትእዛዝ ይሆናል፤ ትእዛዙም በ10 ቦታ ከተጻፈ፥ ገጹ በተለወጠ ቀን አሥሩንም ማረም ግድ ነው። «ተማሪ ተመረጠ» ቢባል ግን የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው አንድ ክፍል ስለሆነ፥ እርማቱም በአንድ ቦታ ያልቃል።

አባቶቻችን ኮምፒዩተር ሠሩ ማለታችን አይደለም። ነገር ግን መጽሐፍን ለማያውቁት አንባቢ፥ ገና ላልተወለደም ትውልድ ማሰናዳት ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ተረድተው ነበር። ሰንጠረዡ በወርቅ ቀለም ቢያጌጥ እንኳ፥ ጸሐፊው የኅዳጉን ቁጥር ከዘለለ አንባቢው በደጅ ይቀራል። ዛሬም ስክሪኑ ቢያምር ስያሜው ከተሳሳተ ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ነገ በብራናም ሆነ በኮምፒዩተር ስንጽፍ፥ የሆነውን በእውነተኛ ስሙ እንጥራ፤ መንገዱንም ከኛ በኋላ የሚመጣው ሊያርመው በሚችልበት አንድ ቦታ እንጻፍለት።