ለድመት ይለቀሳል? ከአጥንት እስከ ሐኪም ቤት፣ የአንድ ስንብት ታሪክ

ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይጠራል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ ይመጣል፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዲቀመጥ አይተውም። ድመት ስትሞት ግን? ቤታችሁ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት የኖረች ድመት ዓይኗ ፈዝዞ፣ ወገቧ ከስቶ፣ የምትወደው ወንበር ላይ መዝለል አቅቷት ስታዩ ሆዳችሁ ይባባል። ይህንን ለሰው ብትናገሩ ደሞ መልሱ ብዙ ጊዜ «እንዴ! ለድመት ይለቀሳል?» ነው።

ጥያቄው ለቀልድ ቢነሳም የታሪክ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። የድሮ ሰዎች ድመት የሚያኖሩት ለአይጥ ብቻ ነበር? አይጥ መያዝ ያቃታትን አሮጊት ድመትስ ምን ያደርጓት ነበር? መልሱ በመጻሕፍት ብቻ ሳይሆን በአጥንትም ላይ ተጽፏል። እስቲ አብረን እናንብበው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቆጵሮስ፣ ከሰው ጎን

የቤት ድመት የዘር ግንዷ ዛሬም በኢትዮጵያ ጭምር የሚገኘው የአፍሪካ የዱር ድመት ነው። ሰው ማረስና እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ ወደ ጎተራው መጣ፤ አይጧን ተከትላ ደሞ ድመት መጣች። ማንም በገመድ ጎትቶ አላመጣትም፤ ጥቅሟን አይታ ነው የቀረበችው።

በ2004 ዣን ደኒ ቪኝ የተባሉ ፈረንሳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በቆጵሮስ ደሴት፣ ሺሉሮካምቦስ በተባለ ቦታ የተገኘ መቃብር ለዓለም አሳወቁ። መቃብሩ 9,500 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ነው። ውስጡ አንድ ሰው ከድንጋይ መሣሪያዎችና ከጌጥ ጋር ተቀብሯል። ከሰውየው 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቃ፣ በራሷ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስምንት ወር ገደማ የሆናት ድመት ተጋድማለች። አጥንቷ ላይ የቢላዋ ምልክት የለም፤ ማለትም አልተበላችም። ቆጵሮስ ደግሞ የራሷ የዱር ድመት ያልነበራት ደሴት ናት። ስለዚህ ያቺ ድመት ወይም ቅድመ አያቶቿ በጀልባ ባሕር ተሻግረው መምጣት ነበረባቸው።

ይሄ የፍቅር ማስረጃ ነው? ቶሎ አንቸኩል። ድመቷ ገና ልጅ ናት፤ ምናልባት ሰውየው ሲሞት አብራው እንድትሄድ ተገድላ ይሆናል። መቃብሩ የሚነግረን ሰውና ድመት መቀራረባቸውን ነው። ያረጀች ድመት መንከባከብን ግን አያሳይም። ለዚያ ሌላ ማስረጃ ያስፈልገናል።

ቅንድብ የሚላጭበት ሐዘን

ስለ ድመት ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚያስበው ጥንታዊት ግብፅን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ እንደሚለው፣ አንድ ቤት ውስጥ ድመት በተፈጥሮ ሞት ስትሞት የቤቱ ሰዎች በሙሉ ቅንድባቸውን ይላጩ ነበር። ሬሳዋም ወደ ቡባስቲስ ከተማ ተወስዶ፣ በመድኃኒት ደርቆ ይቀበራል። ሄሮዶቱስ አንዳንዴ የሰማውን ሁሉ ይጽፍ ስለነበር ቃሉን እንዳለ መቀበል አይገባም። ነገር ግን ከእሱ 900 ዓመት ያህል ቀድሞ የኖረው ልዑል ቱትሞስ፣ የሦስተኛው አሜንሆቴፕ የበኩር ልጅ፣ ለድመቱ ከኖራ ድንጋይ የተጠረበ የሬሳ ሣጥን አሠርቶላታል። ሣጥኑ ላይ ድመቷ ምግብ በተደረደረበት ገበታ ፊት ተቀምጣ ትታያለች። ስሟ ታ-ሚዩ ነው፤ በግብፅኛ «ድመቷ» ማለት ነው።

ታሪኩ ግን ሌላ ገጽታም አለው። ከጊዜ በኋላ ባስቴት ለተባለችው አምላክ ስጦታ የሚሆኑ የደረቁ የድመት ሬሳዎች በብዛት መዘጋጀት ጀመሩ። ተመራማሪዎች በራጅ ሲያዩአቸው ብዙዎቹ ገና ያላደጉ፣ አንገታቸው የተሰበረ ሆነው ተገኙ። ለሽያጭ የተገደሉ ነበሩ ማለት ነው። ቁጥራቸው ከመብዛቱ የተነሳ በ1890 ወደ 19 ቶን የሚመዝን የድመት ሬሳ በመርከብ ወደ እንግሊዟ ሊቨርፑል ተጭኖ፣ ለእርሻ ማዳበሪያ ተሸጠ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ድመትን በጅምላ ማክበርና አንዲትን ድመት መውደድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቅዱስ ናት የተባለችው ድመት አንገቷ ተጠምዝዟል፤ ታ-ሚዩ ግን በስሟ ተሰናብታለች።

ጥርስ ያልነበራቸው የበረኒኬ እንስሳት

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ። በረኒኬ በግብፅ ጠረፍ የነበረች የሮማውያን ዘመን ወደብ ናት። ከዚያ የሚነሱ መርከቦች ወደ ሕንድ ይጓዙ ነበር፤ ወደ አዱሊስም ወርደው ከአክሱማውያን ጋር ይነግዱ ነበር። በወደቧ ዳርቻ፣ ከ1ኛውና ከ2ኛው መቶ ዘመን የቆየ የእንስሳት መቃብር ተገኝቷል። ፖላንዳዊቷ ተመራማሪ ማርታ ኦሲፒንስካ በ2021 ባሳተሙት ጥናት 585 እንስሳት ቆጥረዋል። ከእነዚህ ውስጥ 536ቱ ድመቶች ናቸው።

እነዚህ እንስሳት እንደ ግብፆቹ በመድኃኒት አልደረቁም፤ ለአምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶችም አይመስሉም። እንደተኙ ሆነው ተቀብረዋል። አንዳንዶቹ በጨርቅ ወይም በሸክላ ስባሪ ተሸፍነዋል፤ አንዳንዶቹ አንገታቸው ላይ የብረት ማሰሪያ ወይም የጨሌ ሐብል አለ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ጥርሳቸው ያለቀና መንቀሳቀስ ያቃታቸው እንስሳት መገኘታቸው ነው። ጥርስ የሌለው እንስሳ አድኖ አይበላም። በረኒኬ ደግሞ በረሃ ናት፤ ምግብ የሚመጣው ከሩቅ በጭነት ወይም ከባሕር ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያ እንስሳ እስኪያረጅ ከኖረ፣ ለስለስ ያለ ምግብ እየመረጠ ያጎረሰው ሰው ነበር ማለት ነው።

ይሄ ብቻ አይደለም። በካዛክስታን፣ ጃንኬንት በተባለች ጥንታዊት ከተማ፣ ከ775 እስከ 940 ባለው ጊዜ ውስጥ የኖረ የአንድ ወንድ ድመት አፅም ተገኝቷል። አጥንቶቹ በተለያየ ቦታ ተሰብረው ድነዋል፤ ጥርሶቹም ወልቀዋል። አጥንት ደግሞ በአንድ ቀን አይገጥምም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። በእነዚያ ሳምንታት ድመቱ ማደን አይችልም። ታዲያ ምን በላ? ተመራማሪዎቹ የአጥንቱን ናይትሮጅን መረመሩ። ሥጋና ዓሣ አብዝቶ የሚበላ እንስሳ አጥንት ውስጥ ከበድ ያለው የናይትሮጅን ዓይነት ይበዛል፤ በዚህ ድመት አጥንት ውስጥም በዝቶ ተገኘ። የቤቱ ሰዎች ሳያበሉት አልቀሩም።

በወረቀት ላይም እንዲሁ ነው። ቻይናዊው ባለቅኔ ሜይ ያውቼን በ11ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍቱን ከአይጥ የጠበቀችለት ድመቱ ስትሞት ሩዝና ዓሣ ሰጥቶ በወንዝ ላይ ሸኝቷታል፤ ስለ እሷም ግጥም ጽፏል። ፈረንሳዊው ዡዋሸም ዱ ቤሌ በ1558 ለግራጫ ድመቱ ረጅም የሐዘን ግጥም አሳትሟል። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ ለድመቱ ለሆጅ የባሕር ቀንድ አውጣ የመሰለ ምግብ ለመግዛት ራሱ ገበያ ይወጣ ነበር። አሽከሮቹ በዚህ ተማርረው ድመቱን እንዳይጠሉበት ብሎ እኮ ነው!

ሐኪሞቹ ለምን ዘገዩ?

ሰው ድመቱን ሲወድ ይህን ያህል ዘመን ከቆየ፣ የድመት ሕክምና ለምን ትናንት የተጀመረ ይመስላል? ምክንያቱ ኢኮኖሚ ነው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በፈረንሳይዋ ሊዮን በ1761 ሲቋቋም ዓላማው ፈረስንና ከብትን ማዳን ነበር። በተለይ የሚያሰጋው እኛ «ደስታ» የምንለው የከብት ወረርሽኝ ነው። ይህ በሽታ በኢትዮጵያም ከ1888 ጀምሮ አብዛኛውን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሀብ አምጥቷል። በሽታው ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው በ2011 ነው። በ1979 በቢሾፍቱ የተከፈተው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም ትልቁ ሥራው ከብትና በግ ቢሆን አይገርምም። በሬ ሲታመም ቤተሰብ ይራባል፤ ድመት ስትታመም የሚጎዳው ልብ ብቻ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በከተሞች መኪና የፈረስን ቦታ ሲወስድ ሐኪሞች ወደ ውሻና ድመት ዞሩ። በ1947 አሜሪካዊው ኤድ ሎው ሽታ የሚመጥ የሸክላ አፈር ለድመት መጸዳጃ መሸጥ ሲጀምር፣ ድመቶች ቀንም ሌሊትም ቤት ውስጥ መኖር ቻሉ። ከመኪናና ከውሻ ስለተጠበቁ ዕድሜያቸው ረዘመ። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ድመት በሰው ቢሰላ ከሰባ አምስት ዓመት አዛውንት ጋር ትስተካከላለች። ከዚህ በኋላ ነው ሰዎች የድመትን እርጅና በቅርብ ያዩት፦ ኩላሊት ሲደክም፣ መገጣጠሚያ ሲያልቅ፣ ታይሮይድ ሲያስቸግር።

አንዳንዱ ችግር መልስ ነበረው። በ1987 ፖል ፒዮንና ባልደረቦቻቸው ብዙ ድመቶችን የሚገድል አንድ የልብ ሕመም የሚመጣው ታውሪን በተባለ ንጥረ ነገር እጥረት መሆኑን አሳዩ። ታውሪን የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ ድመት ራሷ በበቂ መጠን መሥራት አትችልም። እጥረቱ ሲሟላ የታመሙት ልቦች አገገሙ። ድመታችሁ እንጀራ ብቻ እየበላች መኖር የማትችለው ለዚህ ነው።

ዝም ያለውን ሕመም ማንበብ

ድመት ሕመሟን ትደብቃለች። በዱር የደከመ እንስሳ የሌላው ምግብ ስለሚሆን ዝምታ ያዋጣል። በ2002 በወጣ አንድ ጥናት ከ12 ዓመት በላይ ከሆናቸው ድመቶች 90 በመቶው በራጅ የመገጣጠሚያ ችግር ታይቶባቸዋል፤ ባለቤቶቻቸው ግን «ሰነፈች» ወይም «አረጀች» ብለው ነው የሚያልፉት። በ2019 የሞንትሪያል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የድመትን ሕመም ከፊቷ ለማንበብ አምስት ምልክቶች ለዩ፦ የጆሮ አቀማመጥ፣ የዓይን መጨፈን፣ የአፍንጫና የአፍ አካባቢ መወጠር፣ የጢም አቅጣጫ እና የጭንቅላት ማዘንበል። ጆሮዋ ወደ ጎን ተለጥጦ፣ ዓይኗ ጠቦ፣ ጭንቅላቷ ከትከሻዋ በታች ከወረደ ምናልባት እየተኛች ሳይሆን እየታመመች ነው።

አደራ፣ አዝናችሁ የሰው ማስታገሻ እንዳትሰጧት! የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማጣራት አይችልም፤ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ሐኪም ጠይቁ። እናንተ ማድረግ የምትችሉት ደሞ ብዙ ነው፦ ውሃዋንና ምግቧን ወደምትተኛበት አቅርቡ፣ የምትወጣበት ቦታ ላይ መረማመጃ ሣጥን አድርጉላት፣ ሞቅ ያለ ጨርቅ አንጥፉላት፣ ማጽዳት ያቃታትን ፀጉሯን አበጥሩላት።

መቼ ነው የሚበቃው?

በጣም ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። የእንስሳት ሐኪሟ አሊስ ቪላሎቦስ በ2004 ሰባት መጠይቆችን አቀረቡ፦ ሕመም፣ ምግብ፣ ውሃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ እና ጥሩ ቀኖቿ ከመጥፎዎቹ መብለጣቸው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤው ይቀጥል ማለት ነው። ቁጥሩ ራሱ አይወስንም። ግን «እኔ እንዳላጣት» ከሚለው ስሜት «እሷ እንዴት ነች?» ወደሚለው ጥያቄ ያሻግራል።

ነጥቡ እየወረደ ሲሄድ ሐኪም በብዙ የማደንዘዣ መድኃኒት ያለ ሕመም እንድታርፍ ሊያደርጋት ይችላል፤ መጀመሪያ ትተኛለች፣ ቀጥሎ ልቧ ይቆማል። ይህን የማይቀበሉ ቤተሰቦችም አሉ። እነሱም ቢሆኑ ሐኪም ሕመሟን እያስታገሰላት፣ ሙቀትና ጸጥታ ሳይለያት አጠገቧ ሊቀመጡ ይችላሉ። ከሁለቱ የትኛውም መንገድ ጨካኝ አያሰኝም። ጭካኔ የሚሆነው ሕመሟን እያዩ እንዳላዩ ማለፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሐዘን በተመለከተ፣ ኬኔት ዶካ የተባሉ ምሁር በ1989 ስም አውጥተውለታል፦ ዕውቅና የተነፈገው ሐዘን። ማኅበረሰቡ ሥርዓት ያላዘጋጀለት፣ ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን ማለታቸው ነው። የሚከብደው በሁለት ምክንያት ነው፦ አንደኛ አጥታችኋል፣ ሁለተኛ ደሞ ያጣችሁትን መናገር ታፍራላችሁ።

ለዚህ ነው ታሪኩ የሚጠቅመው። የበረኒኬ መርከበኛና ነጋዴ፣ የጃንኬንት ቤተሰብ፣ ቻይናዊው ባለቅኔ የእናንተን ነገር ሳይስቁ ይሰሟችሁ ነበር። አንድ የቀረባቸው ነገር ግን አለ። ከ536ቱ የበረኒኬ ድመቶች የአንዳቸውንም ስም አናውቅም። ስለዚህ የእናንተ ድመት እያረጀች ከሆነ ደብተር አውጡና ስሟን፣ ቀለሟን፣ የመጣችበትን ዓመት፣ የምትወደውን ምግብና የምትተኛበትን ቦታ ዛሬውኑ ጻፉ። ገና አጠገባችሁ ሳለች።